መጥፎ ሐሳብ ሳይጠፋ ደስ ብሎት መኖር ይቻላል?

የቱሉ ዲምቱ እናት (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለትዳርና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ በአንድ የግል ድርጅት ውስጥ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ። ከውጭ ለሚያየኝ ሰው ችግር ያለብኝ አልመስልም፤ ጤናዬ ደህና ነው፣ ልጆቼ ይማራሉ፣ ቤቱም በ20/80 ዕጣ ወጥቶልን ብድሩን በየወሩ የምንከፍልበት የራሳችን ቤት ነው። ሆኖም አእምሮዬ አላሳርፍ ብሎኛል።

ጠዋት ለቃሊቲ ታክሲ ተሰልፌ ስቆም «ትናንት ማታ ልጅሽን ያለ ጥፋቱ ተቆጣሽው፤ አንቺም እናት ነሽ?» የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል። ቢሮ ገብቼ የሠራሁትን ሰነድ ለኃላፊዬ ካስረከብኩ በኋላ «አንድ ቁጥር ሳትስቺ አልቀረሽም» እያለ ፋይሉን ደግሜ ደጋግሜ ያስከፍተኛል። ማታ ልጆቹና ባለቤቴ ከተኙ በኋላ ደግሞ «እኩዮችሽ የት ደረሱ፣ አንቺ የት ቀረሽ» ይጀምራል። እነዚህን ሐሳቦች ለማባረር ያልሞከርኩት ነገር የለም። እጸልያለሁ፣ መዝሙር እከፍታለሁ፣ በስልኬ አነቃቂ ንግግር አዳምጣለሁ፣ «መልካም መልካሙን አስቢ» እያልኩ ራሴን እገሥጻለሁ። ለጥቂት ጊዜ ይሄዱና ሲመለሱ ብሰው ይመለሳሉ።

ሌላው የቤቱ ነገር ነው። ስንረከበው ያልተጠናቀቀ ስለነበር የቻልነውን ያህል አሠርተን ገባንበት፤ ነገር ግን የሳሎኑ አንድ ግድግዳ እስካሁን ልስን አላገኘም፣ ብሎኬቱ እንዳለ ይታያል፤ የማእድ ቤቱ ሴራሚክ ገንዘብ ሲያልቅብን ግማሽ ላይ ቆሟል፤ የመኝታ ቤቱ በር ደግሞ በመጋረጃ ተተክቷል። በወር አንድ ጊዜ በየቤታችን የሚዞር የእመቤታችን የጽዋ ማኅበር አለን፤ ተራዬ በደረሰ ቁጥር ሰበብ እየፈለግሁ ለሌላ አሳልፋለሁ። ሴቶቹ ገብተው ያንን ግድግዳ ሲያዩ የሚሉት ነገር ከአሁኑ ይሰማኛል። «ቤቱ ሲያልቅ እጠራቸዋለሁ» እላለሁ፤ ግን የሲሚንቶውንና የሠራተኛውን ዋጋ ሳየው መቼ እንደሚያልቅ አላውቅም።

በቅርቡ አንድ ባለሙያ በሬዲዮ ቀርበው «መጥፎ ሐሳባችሁንም ጉድለታችሁንም ተቀበሉ፤ ደስታ የሚገኘው ያኔ ነው» ሲሉ ሰማሁ። ለእኔ ይህ እጅ እንደ መስጠት ነው የተሰማኝ። ሐሳቡ ውሸት ከሆነ ለምን እቀበለዋለሁ? እውነት ከሆነስ ተቀብዬው እንዴት ደስ ይለኛል? በዚህ መንገድ የሄደ ወይም ጉዳዩን የሚያውቅ ሰው ቢያስረዳኝ እጅግ አመሰግናለሁ።

የሥነ ልቦና አማካሪ፣ ከአቃቂ

እህቴ፣ ጥያቄዎን በጥንቃቄ አንብቤዋለሁ። ሥራዬ ከዚሁ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ለመመለስ ይፍቀዱልኝ።

በመጀመሪያ «ሲመለሱ ብሰው ይመለሳሉ» ያሉት ነገር በእርስዎ ድክመት የመጣ አይደለም። ዳንኤል ዌግነር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1987 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን አንድ በአንድ እያስቀመጡ ለአምስት ደቂቃ በአእምሯቸው የመጣውን ሁሉ እንዲናገሩ፣ ስለ ነጭ ድብ ግን ፈጽሞ እንዳያስቡ አዘዟቸው፤ ድቡ ትዝ ባላቸው ቁጥርም ደወል እንዲመቱ ነገሯቸው። ተማሪዎቹ ከአንድ ደቂቃ በማይበልጥ ልዩነት ይደውሉ ነበር። ይበልጥ የሚያስገርመው ግን ቀጥሎ የሆነው ነው፤ «አሁን ስለ ድቡ ማሰብ ትችላላችሁ» ሲባሉ፣ መጀመሪያ የተከለከሉት ተማሪዎች ከመጀመሪያው ከተፈቀደላቸው ይልቅ አብዝተው አሰቡት። አንድን ሐሳብ ለማባረር የተነሣ አእምሮ ሐሳቡ መምጣት አለመምጣቱን ዘወትር መጠበቅ አለበት፤ ለመጠበቅ ደግሞ ሐሳቡን በእጁ ይዞ መቆየቱ የግድ ነው። እርስዎም ታክሲ ተሰልፈው «ያ ነገር ዛሬ እንዳይመጣብኝ» ሲሉ ያን ጊዜውኑ ጠርተውታል ማለት ነው።

ሁለተኛው ደስታን ራሱን ማሳደድ ነው። አይሪስ ማውስ የተባሉት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጡት ጥናት፣ ደስተኛ መሆን ምን ያህል ታላቅ ነገር እንደሆነ የሚሰብክ ጽሑፍ እንዲያነቡ የተደረጉ ሰዎች ከዚያ በኋላ አስደሳች ፊልም ሲያዩ፣ ስለ ሌላ ነገር ካነበቡት ሰዎች ያነሰ ደስታ እንደተሰማቸው ታይቷል። ምክንያቱም ፊልሙን ከማየት ይልቅ «በቂ ደስ ብሎኛል ወይ?» እያሉ ራሳቸውን ይመዝኑ ስለነበር ነው ተብሎ ይታመናል። እኚሁ ተመራማሪ ከሌሎች ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተሙት ሥራ ደግሞ፣ የሚመጣባቸውን ሐሳብና ስሜት ሳይፈርዱበት የመቀበል ልማድ ያላቸው ሰዎች አስጨናቂ ነገር ሲገጥማቸው የሚሰማቸው መጥፎ ስሜት አነስተኛ እንደሆነ፣ ከጊዜ በኋላም የአእምሮ ጤናቸው የተሻለ ሆኖ እንደተገኘ ጽፈዋል። የሬዲዮው እንግዳ ያሉት ነገር መሠረቱ ይህን የመሰለ ሥራ ይመስለኛል።

«ውሸት ከሆነ ለምን እቀበለዋለሁ?» ለሚለው ጥያቄዎ መልሴ ይህ ነው። የሚቀበሉት የሐሳቡን መምጣት እንጂ ፍርዱን አይደለም። በኔቫዳ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት የሠሩት የሥነ ልቦና ተመራማሪ ስቲቨን ሄይስ፣ ራሳቸውም በድንገተኛ የፍርሃት ሕመም የተሠቃዩ ሰው ሲሆኑ፣ እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ባዳበሩት የሕክምና ዘዴ ውስጥ አንድ ቀላል ልምምድ አለ። «ጥሩ እናት አይደለሁም» የሚለው ሲመጣ፣ «ጥሩ እናት አይደለሁም የሚል ሐሳብ መጣብኝ» ብለው በልብዎ ይናገሩት። አይከራከሩት፣ «የለም፣ እንዲያውም ጥሩ እናት ነኝ» እያሉም ማስረጃ አይቁጠሩለት። ከዚያ ወደያዙት ነገር ይመለሱ፤ ሰልፍ ላይ ከሆኑ ወደ ሰልፉ፣ ከልጅዎ ጋር ከሆኑ ወደ ልጅዎ። ሐሳቡ አብሮዎት ሊቆይ ይችላል፤ ይቆይ። የዚህ ሁሉ ዓላማ ሐሳቡ እስኪሄድ ሳይጠብቁ፣ እርስዎ ሊያደርጉት የሚወዱትን ነገር እያደረጉ መኖር ነው።

ስለዚህ ማኅበሩን «ቤቱ ሲያልቅ» ከሚለው ቀጠሮ ነፃ ያውጡት። ሴቶቹ ሲገቡ ሐፍረት ይሰማዎታል፤ ያን ሐፍረት አስቀድመው ለማጥፋት አይሞክሩ፣ ከነሐፍረትዎ ያስተናግዷቸው።

የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ፣ ከየካ አባዶ

በአባቶች ታሪክ ውስጥ ይህንኑ የሚመስል ነገር አለ። በግብጽ በረሃ አንድ ወንድም ወደ አንድ አባት መጥቶ ሐሳብ እንደበዛበትና በዚያም እንደሚሠቃይ ነገራቸው። አባም ወደ ደጅ አውጥተው ልብሱን ገልጦ ነፋሱን እንዲይዝ አዘዙት። አልቻለም። ያን ማድረግ ካልቻልህ ሐሳብ እንዳይመጣም መከልከል አትችልም፣ የአንተ ድርሻ ለሐሳቡ አለመታዘዝ ነው አሉት። እህታችን የምትጸልየው ሐሳቡ እንዲጠፋላት ብቻ ከሆነ፣ ጸሎቷን በመጣው ሐሳብ ልክ እየመዘነች «አልተሰማልኝም» ማለቷ አይቀርምና ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትነጋገርበት እመክራለሁ።

እህትሽ ከዓለም ባንክ ሰፈር

አሰላሙ ዐለይኩም እህቴ። እኔ ሙስሊም ነኝ፤ ችግርሽን ሳነብ በእኛ ዘንድ ወስዋስ የሚባለው ነገር ትዝ አለኝ። ውዱእ (ከሶላት በፊት የሚደረገውን መታጠብ) አድርጎ «እጄ በደንብ ታጥቧል ወይስ አልታጠበም» እያለ ደጋግሞ የሚታጠብ፣ ሶላት ጀምሮ «ነይቻለሁ (በልቤ አስቤዋለሁ) ወይስ አልነየትኩም» እያለ የሚያቋርጥ ሰው በየቤቱ አለ። ሶሐቦች (የነቢዩ ባልደረቦች) ወደ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መጥተው፣ በውስጣቸው ለመናገር እንኳ የሚከብዳቸው ሐሳብ እንደሚመጣባቸው ሲነግሯቸው፣ ነቢዩ ይህ የጠራ ኢማን (እምነት) ነው እንዳሏቸው ሶሒሕ ሙስሊም በሚባለው የሐዲስ መጽሐፍ ተዘግቧል። ሰው በክፉ ሐሳብ መጨነቁ ራሱ ልቡ ከዚያ ሐሳብ ጋር እንዳልሆነ ያሳያል ማለት ነው። ደግሞም ሰው ነፍሱ በምታንሾካሹክበት ነገር፣ እስካልተናገረው ወይም እስካልሠራው ድረስ እንደማይያዝበት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል።

ለቢሮሽ ፋይል የሚጠቅም የመሰለኝን አንድ ነገር ልጨምር። ዑለማዎቻችን «እርግጠኝነት በጥርጣሬ አይወገድም» የሚል መርሕ አላቸው። ውዱእ ማድረጉን በእርግጠኝነት የሚያውቅ ሰው፣ በኋላ «ምናልባት ፈርሶብኝ ይሆን?» የሚል ጥርጣሬ ብቻ ስለመጣበት እንደገና አይታጠብም፤ ጥርጣሬው እያለ ይሰግዳል። አንድ ጊዜ በወጉ ያመሳከርሽውን ሰነድ፣ አዲስ ማስረጃ ሳይመጣ ጥርጣሬ ብቻ ስለመጣ አትክፈችው። መጀመሪያ ላይ ውስጥሽ እንደሚረበሽ አውቃለሁ፤ እናቴ በዚህ ስትሠቃይ አይቻለሁና ይህን የምልሽ ቀላል ነው ብዬ አይደለም። እሷን ያሻላት ኢማሙ «ደግመሽ እንዳትታጠቢ፣ ቅር እያለሽም ስገጂ» ብለው አጥብቀው ከነገሯት በኋላ ነበር።

ጡረተኛ መምህር፣ ከቡራዩ

ልጄ፣ እኔ ከሌሎቹ በጥቂቱ እለያለሁ፤ ሐሳቤንም በግልጽ ልናገር። በማስተማር ሥራ ዕድሜዬን የፈጀሁ ሰው ነኝ። «ጉድለትህን ተቀበል» የሚለው ቃል በአገራችን ሲነገር ብዙውን ጊዜ የሚነገረው ለማን እንደሆነ አስተውያለሁ። ለድሃው፣ ለሴቷ፣ ለሠራተኛዋ ነው። ባሏ ለሚበድላት ሴት «ቻይው» ይሏታል፤ ውኃ በፈረቃ እየመጣ አራተኛ ፎቅ ድረስ በጀሪካን ለምትሸከም እናት «ተመስገን በይ፣ ቤት የሌለው ስንት አለ» ይሏታል። ይህ ምክር ሰውን ያሳረፈ ይመስላል እንጂ ሸክሙን ብቻውን እንዲሸከም የሚያደርግ ነው። ክፍል ውስጥም «ሒሳብ አይገባኝም፣ እኔ እንዲህ ነኝ» ብሎ ራሱን የተቀበለ ተማሪ ከመጽሐፉ ሲርቅ እንጂ ሲቀርብ አላየሁም። ስለዚህ አማካሪው ወንድማችን የሚሉት መቀበል ከዚህ በምን እንደሚለይ በግልጽ እንዲነግሩን እፈልጋለሁ። ያልታረመ ነገር ሁሉ በዚህ ስም ታልፎ እንዳይቀር እሰጋለሁ።

አንድ ነገር ግን እስማማለሁ። የሰው ፊት እሳት ነው የሚባለው እውነት ቢሆንም፣ የማኅበር ሴቶች ብሎኬት አይተው አያውቁም ብለሽ አትስጊ። በእናንተ ሰፈር የስንቱ ቤት አልቋል?

የሥነ ልቦና አማካሪ፣ ከአቃቂ

መምህር፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ስላነሡትም አመሰግናለሁ። «ቻይው» የሚለው ምክር ሰውየው የሚሰማውን እንዲደብቅ ያዝዛል፤ እኔ የምለው ግን የሚሰማውን እንዲያውቅና እንዲናገር ነው። የውኃውን ፈረቃ፣ በደልን፣ ያልተገባ ደመወዝን ማንም መቀበል የለበትም። እኔ ተቀበሉ የምለው ወደ ወረዳው ማመልከቻ ይዘው ሲሄዱ «አይሰሙኝም፣ ይስቁብኛል» እያለ አብሮ የሚመጣውን ሐሳብ ነው፤ እሱ እስኪጠፋ የሚጠብቅ ሰው ማመልከቻውን አይጽፍም። ስለ ተማሪውም ቢሆን «አይገባኝም» የሚለውን ሐሳብ እንደ መጨረሻ ፍርድ ወስዶታል፤ ሐሳቡን አምኖ ታዘዘለት እንጂ ከሐሳቡ ጋር መጽሐፉን አልከፈተም። እንዲህ ያለውን ልጅ «ይገባሃል፣ ጎበዝ ነህ» ብቻ ብንለው አያምነንም፤ «አይገባኝም እያልህም ቢሆን ይህችን አንዷን ጥያቄ እንሥራት» ብንለው ግን ሊሠራ ይችላል።

ስለ ፍጽምና ደግሞ ልጨምር። ሁለት የካናዳ ተመራማሪዎች፣ ፖል ሂዊትና ጎርደን ፍሌት፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ባወጡት ጥናት ፍጽምናን መሻት ሦስት ዓይነት መልክ እንዳለው አሳይተዋል፤ ሰው ከራሱ ፍጹምነትን ሲጠብቅ፣ ከሌሎች ሲጠብቅ፣ እንዲሁም ሌሎች ከእሱ ፍጹምነትን እንደሚጠብቁ ሲያምን ነው። እኛ ይሉኝታ ከምንለው ነገር ጋር የሚቀራረበው ይህ ሦስተኛው ሲሆን፣ ከጭንቀትና ከድባቴ ጋር ተያይዞ በተደጋጋሚ ይገኛል። እህታችን ስለ ቤቷ የጻፈችውን ስናነብ ግድግዳው ለኑሮዋ አላስቸገራትም፤ ልጆቿ እዚያው ያጠናሉ፣ ይበላሉ፣ ይጫወታሉ። ያስቸገራት በሌሎች ዓይን ውስጥ ሆና ግድግዳውን ማየቷ ነው። መምህር «ስንቱ ቤት አልቋል?» ብለው የጠየቁትን ጥያቄ እኔም እጋራለሁ።

ነርስ፣ የአእምሮ ጤና ክፍል

እስካሁን የተሰጡት ምክሮች ጥሩ ናቸው፤ ነገር ግን ሕክምና የሚያስፈልገውን ነገር በምክር ብቻ እንዳናልፈው እፈራለሁ። እህታችን ያልጻፈችው ነገር ካለ ራሷን ትጠይቅ። ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ በአብዛኛው ቀን ሐዘን ወይም ባዶነት ከተሰማሽ፣ ቀድሞ ደስ የሚልሽ ነገር ሁሉ ትርጉም ካጣብሽ፣ እንቅልፍሽና የምግብ ፍላጎትሽ ከተዛባ፣ ይህ ድባቴ ሊሆን ይችላልና መታየት አለበት። ፋይሉን መክፈትና መዝጋቱ በቀን ውስጥ ረጅም ሰዓት የሚወስድብሽ ከሆነም እንደዚሁ ነው፤ ውጤታማ ሕክምና አለው። «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ አንድ ቀንም አታሳድሪው፤ ለቅርብ ሰው ንገሪ፣ ዛሬውኑም ወደ ሕክምና ሂጂ።

ብዙ ሰው «አማኑኤል ሄደ እንዳይሉኝ» ብሎ ይቀራል። አማኑኤል ሆስፒታል የሚመጡት አብዛኞቹ ታካሚዎች ታይተው በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ናቸው። ያንን ካልፈለግሽም በሌሎች የመንግሥት ሆስፒታሎችና በአንዳንድ ጤና ጣቢያዎች የአእምሮ ጤና ባለሙያ ታገኛለሽ፤ በአቅራቢያሽ ያለውን ጤና ጣቢያ ጠይቂ።

የቱሉ ዲምቱ እናት (ጠያቂ)

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነርሷ የጻፈችውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። የምግብ ፍላጎቴ ደህና ነው፤ የመሞት ሐሳብም የለብኝም፤ እንቅልፌ ግን ጥሩ አይደለምና ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ለማኅበሩ ሰብሳቢም የሚቀጥለው ወር ተራ የእኔ እንዲሆን ነግሬያታለሁ፤ ከነገርኳት ጀምሮ ሆዴ እየተላወሰ ነው።

ሁለት ነገር ግን አልተመለሰልኝም። አንደኛ፣ በእኔ ሥራ ስሕተት ስሕተት ነው። ሰኔ 30 ሒሳብ ሲዘጋ አንድ ዜሮ ብትዘለል ድርጅቱ ለግብር የሚያሳውቀው ይዛባል፤ እዚህ ላይ «ጉድለቴን ተቀበልኩ» ማለት አልችልም። ሁለተኛ፣ ልጄን በእውነት ያለ ጥፋቱ ተቆጥቼዋለሁ። ይህ የሐሳብ ነገር ሳይሆን የሆነ ነገር ነው። ይህንንስ እንዴት አድርጌ ልቀበለው?

የሥነ ልቦና አማካሪ፣ ከአቃቂ

ከሁለተኛው ልጀምር፤ ይበልጥ የሚከብደው እሱ ነውና። ዶናልድ ዊኒኮት የሚባሉ እንግሊዛዊ የሕፃናት ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1953 ባሳተሙት ጽሑፍ ልጅ የሚያስፈልገው ፍጹም እናት ሳትሆን በቂ የሆነች እናት እንደሆነች አስረድተዋል። በእርሳቸው አመለካከት እናት መጀመሪያ ላይ ለሕፃኑ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ ለመመለስ ትጥራለች፤ ልጁ እያደገ ሲሄድ ግን ቀስ በቀስ የማትደርስለት ነገር ይኖራል፣ ልጁም በዚያች ክፍተት ውስጥ ዓለም እንደ ፍላጎቱ ብቻ እንደማትሄድ ይማራል። ይህ ግን ቁጣዎ ትክክል ነበር ማለት አይደለም። ጥፋት ከሆነ ጥፋት ነው፤ ጥፋት ደግሞ መልስ አለው፣ እሱም ይቅርታ መጠየቅ ነው። ዛሬ ማታ ልጅዎን አጠገብዎ አስቀምጠው «ትናንት የተቆጣሁህ አንተ አጥፍተህ ሳይሆን እኔ ደክሞኝ ነው፤ ይቅርታ አድርግልኝ» ይበሉት። ልብ ይበሉ፣ «አንቺም እናት ነሽ?» የሚለው ሐሳብ ጠዋት ሙሉ ሲያስጨንቅዎት ወደ ልጅዎ አልወሰደዎትም፤ ስለ ራስዎ ብቻ ሲያነጋግርዎ ነው የዋለው። ይቅርታ ከጠየቁ በኋላ ያው ሐሳብ ነገ ሰልፉ ላይ ቢመጣ ጉዳዩ የተዘጋ ነውና «መጣህ?» ብለው ይለፉት።

ስለ ሒሳቡ ደግሞ፣ የሥራ ጥንቃቄና ጭንቀት የተለያዩ ናቸው። ጥንቃቄ ወሰን አለው፤ ምን እንደሚመሳከር፣ በማን እንደሚመሳከር፣ መቼ እንደሚያበቃ አስቀድሞ የታወቀ ነው። የሚያመሳክሯቸውን ነገሮች በወረቀት ይዘርዝሩ፤ ደረሰኙ ከመዝገቡ፣ መዝገቡ ከባንኩ መግለጫ ጋር፣ ድምሩ ከድምሩ ጋር። አንዱን በጨረሱ ቁጥር ምልክት ያድርጉበት፤ ቢቻል ከእርስዎ ሌላ ሰው እንዲያየው ያድርጉ፤ የሰው ዓይን እንደሚስት ስለሚታወቅ ነውና የሒሳብ ሥራ ራሱ አዘጋጅና መርማሪን የለየው። ከዚያ በፊርማዎ ያስረክቡ። ካስረከቡ በኋላ የሚመጣው «ስተሻል» የሚል ሐሳብ ከዝርዝሩ ውስጥ የቀረ ነገር ካላሳየዎት በስተቀር ፋይሉን አይክፈቱለት። መጀመሪያ ሰሞን ጭንቀቱ ከበፊቱ እንደሚጨምር ከወዲሁ ይወቁት፤ ሳይከፍቱት ጥቂት ከቆዩ በራሱ ዝቅ ይላል። ዝቅ ካላለ ወይም ሌሊት ድረስ የሚከተልዎት ከሆነ፣ ጤና ጣቢያ ሲሄዱ ስለ እንቅልፉ ብቻ ሳይሆን ስለዚህም ለባለሙያው ይንገሩ።